ሉማሜ ምን አነሳት?

ሰኔ 29

የሚስቴ የሥራነሽ ታናሽ ወንድም ጌቾ ዛሬ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ዘንድሮ ክረምቱን ሁላችንም አንድ ላይ ተራራ እንወጣለን፤ የእግር ጉዞ!» አለ። ሥራነሽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ስለነበር ቤቱ ሁሉ ሰማ። ጌቾና የእግር ጉዞ! ባለፈው ፋሲካ ሲመጣ ከመኪናው እስከ በራችን ለመድረስ መንገድ ላይ ቆሞ ያረፈ ሰው ነው። አሁን ከሚስቱ ከሂዊ ጋር ሆኖ ጮቄ ሊወጣ ነው። በዚያ ላይ በነሐሴ። ጮቄ በነሐሴ ምን እንደሚመስል ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉም ነው፣ በረዶ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ከዚያ እንደገና ጉም ነው። እነሱ ግን ቪዲዮ አይተዋል። ቪዲዮው ላይ ፀሐይ ነበር።

ማረፊያ ቦታ እንድንመርጥ እኛ ታዘናል። እነሱ ጫማ ይገዛሉ፣ እኛ ቤት እንፈልጋለን። ሥራነሽ ደስ ብሏታል። ልጄ እስከዳርማ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት እንደ ሕፃን ዘለለች። «አባዬ፣ በመጨረሻ! ጫፉ ድረስ!» አለችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች ጮቄ ጫፍ አወጣሻለሁ ብያት ነበር። ልጅ ሌላውን ሁሉ ይረሳል፣ ቃል የተገባለትን ግን አይረሳም።

«እናያለን» አልኳት።

ሐምሌ 2

ሳሉ አልለቅ ስላለኝ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ጢሙን ገና መላጨት የጀመረ ሐኪም ደረቴን አዳመጠ። ቁርጭምጭሚቴን በጣቱ ተጫነው፤ ጣቱን ሲያነሳ ቦታው ሰርጉዶ ቀረ። እሱም ወርቅ የቆፈረ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ ዓባይ፣ ልብዎ ደክሟል» አለኝ። ዕድሜ ልኩን የስፖርት መምህር የሆነ ሰው ልብ ደከመ! የዚህን ልጅ ታላላቆች በሙሉ ሜዳ ዙሪያ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልኝ። «አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። ዳገትም ለጊዜው ይቅርብዎ። ቤተሰብዎን ይዘው ይምጡና ላስረዳቸው» አለ። ለቤተሰቤ የሚያስረዳው መጀመሪያ ራሱ ቤተሰብ ሲኖረው ነው።

ኪኒኑን ስፖርት ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከፊሽካዎቹ ሥር አድርጌዋለሁ። ለሰው የሚወራ ነገር አይደለም።

ሐምሌ 6

ከእራት በኋላ ስብሰባ ተቀመጥን። አጀንዳው ማረፊያ ነው።

ሥራነሽ ዲማን አነሳች። ጸጥታ አለ፣ ገዳሙ አለ፣ ይባረካሉ አለች። ሊቃውንት ለትምህርት ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ቦታ ሂዊ ጠባብ ሱሪ ለብሳ ፎቶ ልትነሳበት! አይሆንም አልኩ። ደግሞ እዚያ ሁሉም ነገር በእግር ነው።

ቁይን ያመጣችው ሂዊ ናት፣ በስልክ። «እውነተኛ የገጠር ገበያ» ማየት ትፈልጋለች። አዲስ አበባ ያለው ገበያ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው። ጌቾን ቁይ መውሰድ ደግሞ በግ ተራ መውሰድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራራ አይታየውም።

ከዚያ እኔ ሉማሜን አቀረብኩ። ሉማሜ ምን አነሳት? አስፋልት ዳር ናት። ሻይ ቤቱ ሙሉ ነው። አውቶቡስ ከላይም ከታችም ያልፋል። ሜዳ ናት።

«ለተራራ ጉዞ ሜዳ ምን ያደርግልናል?» አለች ሥራነሽ።

«ለጌቾ ብዬ ነዋ! ዳገት ላይ ቢሞትብን ማን ሊጠየቅ ነው?»

እስከዳር እየሳቀች «አባዬ፣ ሉማሜ ተቀምጠን የትኛውን ተራራ ልንወጣ ነው?» አለችኝ። ተራራ ከሩቅ ሲያዩት ነው የሚያምረው አልኳት። ቀልድ መስሏት ጠበቀችኝ። ቀልድ አለመሆኑን ስታይ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ሰሃን ማንሳት ጀመረች።

ሐምሌ 9

ሂዊ የዱላ ፎቶ ልካለች። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ዱላ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው። ጎጃም ውስጥ ዱላ የጠፋ ይመስል ከውጭ ያስመጣሉ።

ሐምሌ 14

ለቀጣዩ ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ብለው ትምህርት ቤት ጠሩን፤ ያውም ፎቅ ላይ። ሰባት ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል ምድር ቤት ጠፍቶ ነው? ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳነብ የሒሳብ መምህሩ በጎኔ አለፈና «ቲቸር፣ ባለፈውም ይህንኑ ሲያነቡ አየሁዎት» አለ። ሰው ሲያነብ አይቶ የማያውቅ መምህር። ልጆቻችንን ማስተማር ለማን እንደተሰጠ ተመልከቱ።

ትራሱ ቀጥኗል። የዛሬ ጥጥ ምን ጥጥ ነው፤ ሁለቱን ደርቤም ጭንቅላቴ ዝቅ ይልብኛል፤ ዝቅ ሲል ሳሉ ይመጣል። ዛሬ አልጋው ላይ ሦስተኛ ትራስ አገኘሁ። ሥራነሽን ከየት መጣ ብላት «ጓዳ ነበር» አለች።

ሐምሌ 19

ሥራነሽ በረንዳ ላይ ሆና በስልክ ስትነጋገር ሰማሁ። ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ጮቄ ግርጌ፣ አንዷለም የሚባል ሰው የሚያከራየው ቤት አግኝታለች።

«መኪና በር ድረስ ይደርሳል? ... ሜዳ ነው አይደል? ... ጤና ጣቢያውስ? ... እሺ። ደግሞ ድንገት ብንፈልግ ሸክም የሚችሉ ጎልማሶች አይጠፉም? ... አዎ፣ ዳገት ላይ። ... እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ስትገባ ሜዳው ምንድን ነው፣ ሸክሙ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ለጌቾ ብዬ ነዋ» አለችኝ፤ እኔው በተናገርኩት አነጋገር።

ወይ ጉድ። የሂዊን ሻንጣ የሚሸከሙ ሰዎች ከወር በፊት ይቀጠራሉ። በእግር ጉዞ ስም የንጉሥ አጀብ ይዘን ልንወጣ ነው። ሰውዬው ገበሬ ነው፣ በልቡ ምን ብሎ እንደሳቀብን እግዜር ይወቀው።

ሐምሌ 24

ቤቱን አየነው። መንገዱ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ እየዋኘ ነው የደረስነው። የድንጋይ ግንብ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ መስክ። ከጀርባው የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በላይ ዳገቱ ይጀምራል። ሥራነሽ መንገዱን ልየው ብላ ሽቅብ ሄደች። እኔ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንዷለምን አነጋገርኩት፤ አንድ ሰው ማነጋገር አለበት።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይወጡም እንዴ? ከማሳው ጫፍ ሆነው ሲያዩት ጅብራው ብቻውን ልብ ይወስዳል» አለኝ።

ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል እሱ ሳይወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ አልኩት። ሳቀ። ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ያየኛል። ሥራነሽ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ ሲያየኝ ነበር። ገጠር ሰው እንግዳ ማየት ይወዳል።

ከእኛ ምርጫ ሁሉ የተሻለ የሚባል አይደለም፤ ግን ሌላው ከዚህ ስለባሰ ተስማማሁ። ሜዳ መሆኑ ለጌቾ ጥሩ ነው።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአፌ ምንም አይገባም፣ ውኃም ቢሆን። ኪኒኑ የጠዋት ነው። ስለዚህ ኪኒኑ ይቆያል።

ማታ እንዳልውጠው ሽንት ያበዛል፤ ሌሊቱን ስመላለስ ካደርኩ ሥራነሽ ምን ሆንክ ትላለች። የንስሐ አባታችንን ቄስ አወቀን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ግን ከጠየቅኋቸው እሳቸውም ይጠይቁኛል። ደግሞ በየሰበቡ እያስፈቀደ የሚበላውን ሰው አውቀዋለሁ፤ አንዱን ራሱን ያዞረዋል፣ ሌላውን ጨጓራው ይልጠዋል፣ ጾሙ ሲፈታ ሁሉም ደህና ናቸው። ከእነሱ ጋር አልሰለፍም። ሕፃናት የሚጾሙትን ጾም እኔ ኪኒን ይዤ ልለምን?

ነሐሴ 8

ጫማዬ ጠቦኛል። ዝናብ የነካው የቻይና ጫማ ይሸበሸባል። አምስት ዓመት ዝናብ ሲነካው ኖሮ ዘንድሮ ተሸበሸበ።

ነሐሴ 12

ከቅዳሴ ስመለስ ሥራነሽና እስከዳር ማድ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«እሱ ካልተናገረ እኛ አንናገርም» ትላለች ሥራነሽ።

«እማዬ፣ ቢወድቅስ?»

ስገባ ጸጥ አሉ። እስከዳር ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው አለች። ሽንኩርት ግን አላየሁም።

ነገሩ ገብቶኛል። ጌቾ ስኳር አለበት። ካልሆነም ደም ግፊት። ለእህቱ ነግሯታል፣ ከእኔ ደብቀዋል። አስቡት እንግዲህ፤ ይህን ሁሉ ሰው ወደ ተራራ እየጠራ ሕመሙን የሚደብቅ! እንዲህ ያለው ሰው ፈሪ ብቻ አይደለም፣ ሌላው ሰው ላይ የሚፈርድ ነው። አንድ ነገር ቢሆን ልጄ ፊት ነው የሚሆነው። ይህን ማሰብ እንዴት አቃተው?

ተናድጄ እህል ሳልቀምስ ተኛሁ።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። እነ ጌቾም ደረሱ።

አቅፎ አልለቅ አለኝ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ፊቴን አየው። «ጋሼ፣ ከሳህ እንዴ? ደህና ነህ?» አለኝ። የእኔን ክብደት የሚመዝነው ጌቾ ነው! «የእኔን ሥጋ አንተ ወስደኸው ነው» አልኩት። ሂዊ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቀልድ የማይገባው ሰው ሆኗል።

ኪኒኑን ነገ ልጀምር ብዬ ተውኩት። ጾሙን በሙሉ ሳልውጥ ከረምኩ፣ ይኸው አለሁ። ያ ልጅ ሐኪም ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ነሐሴ 19፣ አንዷለም ቤት

ሦስት ቀን ሆነን። ሂዊና እስከዳር በጠዋት እየወጡ በየወንዙ ዳር ይዞራሉ፣ ጭቃ ተለቅልቀው ይመለሳሉ። ጌቾ ከበር አይነቃነቅም። «ጉልበቴን ያመኛል፣ እዚሁ ከጋሼ ጋር ልጫወት» ይላል። ከአዲስ አበባ ድረስ ጫማና ዱላ ገዝቶ የመጣው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እኔን ሊያጫውት ነው። እሱ ሲነሳ ሥራነሽ ትቀመጣለች። ሥራነሽ ስትነሳ አንዷለም ይመጣና ስለ ድንች ያወራኛል። እንደ ማር ቀፎ ተራ የሚጠብቁኝ ምን ልሰርቃቸው ነው?

ዛሬ እስከዳር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ነገ ወደ ጫፉ ልንሄድ ነው። አንተ ቅርና ጌቾን ጠብቅልን፣ እሺ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የጌቾ ሞግዚት አደረጉኝ። ያንን ዳገት በሩጫ ወጥቼ በሩጫ የምወርድ ሰው ነበርኩ። የገዛ ልጄ ከዚያ ሥጋ ክምር ጋር አብራ ቆጠረችኝ።

እኔም እሄዳለሁ አልኳት። ፊቷ ጠቆረ።

ነሐሴ 20

ነጋ። ጉም የለም። ሥራነሽ በር ላይ ቆማ «ለእኔ ስትል ቅር» አለች። ምክንያቱን ንገሪኝ አልኳት። አልነገረችኝም። እሄዳለሁ።

ነሐሴ 25፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል

ዛሬ ነው እስክሪብቶ መያዝ የቻልኩት።

ከፊት አንዷለምና ሂዊ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከኋላዬ እስከዳር። የገብሱን ማሳ ሳንጨርስ ነው የጀመረኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አሰርኩ። ጥቂት ሄጄ እንደገና አሰርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ ስል እስከዳር «አባዬ፣ ማሰሪያህ አልተፈታም» አለችኝ፣ በቀስታ። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ከማሳው በላይ እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቁጭ ማለቱም አልበቃ አለ። ደረቴ ውስጥ ውኃ የሞላ ያህል ነበር፤ አየር እስባለሁ፣ አይገባም። ከአፌ አረፋ ወጣ። እስከዳር ጀርባዬን ደግፋ ይዛ «አባዬ፣ አባዬ» ትላለች። ሞት እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ በልጄ ፊት፣ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ፈራሁ። ይህን ለመጻፍ እጄ እንቢ ይለኛል፤ ግን ፈራሁ።

አንዷለም ቁልቁል ተጣራ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጣራው። ሰዎቹ ወዲያው መጡ፣ ቃሬዛም ይዘው። በዚያ አገር የታመመ ሰው የሚሸከሙበት ቃሬዛ በየሰፈሩ አለ፤ ግን ከሰፈሩ ሄደው እስኪያመጡት ጊዜ ይወስድ ነበር። ይኼኛው ግን ካረፍንበት ቤት ጓሮ ተዘጋጅቶ የቆመ ነው።

«አይዞዎት ጋሼ» አለኝ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። «እትዬ ሥራነሽ ቀድመው ነግረውናል። ነቅተን ተቀምጠን ነበር።»

ሻንጣ አልነበረም። ሸክሙ እኔ ነበርኩ።

ሲያነሱኝ ጌቾ ደረሰ። ዳገቱን ሮጦ ነው የወጣው። ያ ሰውነት እንዴት እንደሮጠ አላውቅም፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አንደኛውን ጎልማሳ ገፋ አድርጎ በራሴ በኩል ያለውን እንጨት ያዘ። «ጌታዬ፣ እርስዎ አይችሉም፣ ለእኛ ይተዉልን» አሉት። «ተዉኝ፣ ወንድሜ ነው» አላቸው።

እስከ መኪናው ድረስ አልለቀቀም። ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፣ እንጨቱን ግን ከትከሻው አላወረደም። ጆሮዬ ከአፉ ሥር ነበር። መንገዱን ሁሉ የሰማሁት ትንፋሹን ነው፤ ያንን ስስቅበት የኖርኩትን ትንፋሽ። ሲቆራረጥ፣ ሲያፏጭ፣ እንደገና ሲመጣ እሰማለሁ። አንዴ ያቆመ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ስኳርም የለበት፣ ግፊትም የለበት። ጉልበቱንም አያመው። ወፍራም ብቻ ነው።

ነሐሴ 27

ቄስ አወቀ መጥተው ጸበል ረጩኝ። ከዚያ ሁሉንም ሰው አስወጥተው በሩን ዘጉት።

«ኪኒኑን በጾሙ ነው ያቋረጥኸው?»

«አዎ አባቴ።»

«መድኃኒት ነው እኮ። እንኳን ኪኒን፣ ሕመምህን ብትነግረኝ እህሉንም ብላ እልህ ነበር። ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ጾሙን አክብሬ ነው አልኳቸው። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ጾሙን አይደለም ልጄ» አሉ። ተነሥተው ሲሄዱ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልጠየቅኋቸውም።

ሐኪሙም ጠዋትና ማታ ይመጣል። ነግሬዎት ነበር አላለም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጳጉሜ 2

ቤቴ ነኝ። ጠዋት ሥራነሽ ኪኒኑን ከውኃ ጋር ይዛ መጥታ እስክውጥ ቆመች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ቱታህን የማጥበው፣ ቦርሳህን የማራግፈው ማን ይመስልሃል? ገና ሐምሌ ሳይጋመስ። ሐኪሙ ዘንድም ሄጃለሁ።»

«ጉዞውንስ ለምን አልሰረዝሽውም?»

«ብሰርዘው ብቻህን ትወጣው ነበር። የልጅቷን ነገር አውቃለሁ፣ አንተንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ካወቅሽ አትነግሪኝም? እነዚያን ሁሉ ሰዎች አሰልፈሽ፣ ቃሬዛ አሠርተሽ፣ እኔን ብቻ ዝም?»

ሸሚዜን ታጥፍ ነበር፤ አቆመች።

«ብነግርህ ትንቀኝ ነበር» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሐኪሙን ናቅኸው። ጌቾ ከሳህ ቢልህ ምን እንዳልከው ሰምቻለሁ። አንተ ያዘነልህን ሰው ሁሉ ትንቃለህ፣ ዓባይ። ሌሎቹ ይሄዳሉ። እኔ አብሬህ መኖር አለብኝ። ከምትንቀኝ ዝም ብዬ ሜዳ ላይ ያለ ቤት ብፈልግ ቀለለኝ።»

አፈርኩ። ሸሚዙን አጥፋ ጨርሳ ሌላውን አነሳች።

እስከዳርም ጫፉን ሳታየው ቀረች። ከቃሬዛው አጠገብ እየሮጠች ነው የወረደችው። ስለ ጮቄ አንድም ቃል አላነሳችብኝም።

ጳጉሜ 4

ጌቾ ጋ ደወልኩ። ምን እንደምለው ጠዋቱን ሙሉ ሳሰላስል ቆይቼ፣ አንዱም ሳይስማማኝ ነው የደወልኩት። ስልኩን አነሳ። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነው።

«ጋሼ! ደህና ነህ? ቢሮ ደረጃ ላይ ነኝ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ... አንዴ ቆየኝ፣ ትንፋሼ ይመለስ።»

የምለው ነገር አፌ ላይ መጣልኝ፤ የለመድኩት ዓይነት ነገር። ዋጥኩት።

«ቀስ በል፣ ተቀመጥ» አልኩት። «አልቸኩልም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ሲል ሰማሁት። እስኪያርፍ ድረስ ጠበቅሁት።